አቀናባሪ ናት ወይስ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ? ስለ አን ደድሊ ለቀረበልኝ ጥያቄ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። አዲስ አበባ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ለጓደኞቼ ዘፈን ማቀናበርም ጀምሬያለሁ። አሁን አንድ ወጣት ዳይሬክተር ለአጭር ፊልሙ ሙዚቃ ሥሪልኝ አለኝና ፈራሁ። አን ደድሊ የምትባል እንግሊዛዊት ለፖፕ ዘፋኞች ስታቀናብር ኖራ በፊልም ሙዚቃ ኦስካር ወሰደች ሲባል ሰማሁ። ሴትየዋ አቀናባሪ ናት ወይስ ደራሲ? ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት ተሻገረች? ሙዚቃ ትምህርት ቤት ላልገባሁት ለእኔስ ከእሷ የሚወሰድ ነገር አለ?»

ሰላም እህቴ። አጭሩ መልስ ሁለቱም ናት የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን የበለጠ ይጠቅምሻል፤ ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኛ አገር አቀናባሪ ማን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። «ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ» የሚል የካሴት ሽፋን እያየን ነው ያደግነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ነበር የሚጻፉት። እንግሊዞቹ ዘንድ አቀናባሪው ብዙ ጊዜ ከአልበሙ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። የዘፈኑ ባለቤት የሚባሉት ግጥምና ዜማ የሠሩት ናቸው። አቀናባሪው የሥራውን ዋጋ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የደድሊን ስም ሳያውቁ ሥራዋን ለ40 ዓመት ሲሰሙ የኖሩ ሰዎች የበዙት ለዚህ ነው።

የተወለደችው በ1956 ነው። ትምህርቷ የክላሲካል ሙዚቃ ነው፤ በለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ፣ ከዚያ በኪንግስ ኮሌጅ ተምራለች። ከትምህርት በኋላ ግን ወደ ኦርኬስትራ አላመራችም። ስቱዲዮ እየተጠራች ለሰው ዘፈን ኪቦርድ መጫወት ጀመረች። በዚህ መሃል ነው ትሬቨር ሆርንን ያገኘችው። ሆርን ያኔ ከዘፋኝነት ወደ ፕሮዲዩሰርነት እየዞረ ነበር። ጆሮው ሰፊ ነው፣ ምኞቱም ትልቅ ነው፤ የቫዮሊን ኖታ የሚጽፍለት ሰው ግን ያስፈልገው ነበር። እሷ ኖታውንም ኪቦርዱንም ትችላለች። ዲስኮም አትንቅም። በዚያ ዘመን እነዚህን ሦስቱን በአንድ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም።

በ1982 ሆርን ኤቢሲ የተባለውን ባንድ አልበም ፕሮዲዩስ አደረገ። «ዘ ሌክሲከን ኦፍ ላቭ» ይባላል። እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ኤቢሲዎች ሼፊልድ ከተባለችው የብረት ከተማ የመጡ ልጆች ናቸው። ዘፋኛቸው ማርቲን ፍራይ የሚያብረቀርቅ ሱፍ ለብሶ ስለ ከሸፈ ፍቅር ይዘፍናል። ሙዚቃው ዳንስ ነው፣ ግጥሙ ምሬት። ለዚህ ነው ደድሊ እውነተኛ ስትሪንግ የጻፈችለት፤ ቫዮሊን፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ በሰው እጅ የሚመታ። «ዘ ሉክ ኦፍ ላቭ» ለተሰኘው ዘፈን የጻፈችው የመጀመሪያዋ የስትሪንግ ቅንብር ነበር። እንዲህ ያለ ጅማሮ ለማን ተሰጥቶ ያውቃል?

እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አድምጪ። በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሆንም።

ጀማሪ አቀናባሪ ስትሪንግ ሲያገኝ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ኪቦርዱ ላይ «ስትሪንግ» የሚለውን ድምፅ ይከፍትና አራት ጣት ሙሉ ኮርድ ተጭኖ ይይዛል። ከዘፈኑ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ዘፈኑ ብርድ ልብስ ለብሶ ይተኛል ማለት ነው። ደድሊ እንዲህ አታደርግም። ዘፋኙ ሲዘፍን ስትሪንጉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ከድምፁ ርቆ ከላይ ወይም ከታች ይቆማል። ዘፋኙ ሲተነፍስ ስትሪንጉ ገብቶ አንድ ነገር ይናገራል። ዘፋኙ ሲመለስ ይወጣል። ተቀባይ ያለው ዘፈን ማለት ነው፤ ለሠርግና ለማኅበር ዘፈን ላደገ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም።

«ኦል ኦፍ ማይ ሃርት» የሚለውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ስሚው። ዘፋኙ ጨርሶ ከሄደ በኋላ ኦርኬስትራው ብቻውን ይቀራል። ቃል የለም፣ ምስልም የለም። ሆኖም አንድ ሰው በር ዘግቶ ሲሄድ ታያለሽ። ፊልም ሠሪ ይህንን ሰምቶ «ይህቺን ሴት ጥሩልኝ» ባይል ነበር የሚገርመው። እንዴት ተሻገረች ብለሽ ጠይቀሽኛል። እኔ እንደሚመስለኝ የተሻገረችው እዚያች ጭራ ላይ ነው፤ ፊልሙ ራሱ የመጣው ከዓመታት በኋላ ቢሆንም።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለየት ይላል። በ1983 የሆርን ቡድን የስ የተባለውን የሮክ ባንድ አልበም ሲቀርጽ ስቱዲዮ ውስጥ ፌርላይት የተባለ አውስትራሊያ ሠራሽ ማሽን ነበር። ሳምፕለር ነው፤ ማንኛውንም ድምፅ ቀድቶ በኪቦርድ ያስመታል። ዛሬ ስልክሽ የሚሠራው ሥራ ነው፤ ያኔ ግን ዋጋው አይቀመስም ነበር። መሐንዲሱ ጋሪ ላንጋንና ፕሮግራመሩ ጄ ጄ ጄክዛሊክ ሥራ ላይ ያልዋለ የከበሮ ቅጂ ወስደው ማሽኑ ውስጥ ከተቱ። ከአንድ ምት ይልቅ ሙሉውን የከበሮ ሐረግ እንደ አንድ ድምፅ ማስጮህ ያዙ። ደድሊ ዜማና ኮርድ ጨመረችበት። ሆርንና ጸሐፊው ፖል ሞርሊ ተቀላቀሉ። አርት ኦፍ ኖይዝ የተባለው ቡድን እንዲህ ተወለደ። ስሙ ከ1913ቱ የጣሊያናዊው ሉዊጂ ሩሶሎ ጽሑፍ የተወሰደ ነው።

አንዱ ሥራቸው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤዲት» ነው። መኪና ሲነሳ የሚያሰማው ድምፅ እንደ መሣሪያ ይጫወታል። መካከል ላይ አንዲት ሴት «ሄይ!» ትላለች። ያቺን «ሄይ» ፕሮዲጂ የተባለው ቡድን በ1996 «ፋየርስታርተር» ላይ ተጠቀመባት፤ ዘፈኑም እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ስለዚህ የዘፈኑ ደራሲዎች ዝርዝር ውስጥ አን ደድሊ አለች። ኮሌጅ ገብታ ክላሲካል የተማረች ሴት፣ ጸጉሩን እንደ ቀንድ አቁሞ የሚጮህ ሰው በሚዘፍነው ዘፈን ላይ! ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ከጩኸቱ በታች ግን «ሞመንትስ ኢን ላቭ» የሚባል ሥራ አለ። ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ቅጂ አለው፤ ምንም አይቸኩልም። አንድ ትንሽ ሐሳብ ይመላለሳል፣ ዙሪያው ይለዋወጣል፣ መሃሉ ግን አይነካም። ለፊልም መሥራት ከፈለግሽ ይህን ደጋግመሽ ስሚ። የፊልም ሙዚቃ ትልቁ ፈተና ዜማ ማጣት አይደለም። አንዲትን ዜማ ሰው ሳይሰለቻት ለአንድ ሰዓት ተኩል ማኖር ነው።

አርት ኦፍ ኖይዝ በ1986 የሄንሪ ማንቺኒን «ፒተር ገን» ከጊታሪስቱ ዱዌን ኤዲ ጋር ሠርተው ግራሚ አገኙ። በ1988 ደግሞ የፕሪንስን «ኪስ» ለቶም ጆንስ ሰጡት። ቶም ጆንስ ያኔ ዘመኑ ያለፈበት ዘፋኝ ይባል ነበር። ዘፈኑ ወደ መድረክ መለሰው። ይህችን ስም ያዣት፤ ትመለሳለች።

ከኤቢሲ በኋላ ስሟ በስቱዲዮዎች መካከል ዞረ። የፍራንኪ ጎዝ ቱ ሆሊውድ «ዘ ፓወር ኦፍ ላቭ» በ1984 ገና ሰሞን አንደኛ ሲወጣ ስትሪንጉ የእሷ ነበር። በኋላም የፐልፕ «ዚስ ኢዝ ሃርድኮር» አለ፣ የሮቢ ዊሊያምስ የ2009 አልበምም አለ። ሁሉንም ብዘረዝር እንተኛለን።

ወደ ፊልሙ እንሂድ። በ1988 «በስተር» የሚል ፊልም ወጣ፤ ፊል ኮሊንስ ተውኖበታል። ደድሊ የፊልሙን ማጀቢያ ሠራች። ከፊልሙ ዘፈኖች አንዱ የሆነውን «ኤ ግሩቪ ካይንድ ኦፍ ላቭ»ንም ከኮሊንስ ጋር ፕሮዲዩስ አደረገች። በአንድ እግሯ ፖፕ ውስጥ፣ በሌላው ፊልም ውስጥ ነበረች። ከ1990 እስከ 1993 «ጂቭስ ኤንድ ዉስተር» ለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ሙዚቃ ጻፈች። የ1920ዎቹን ጃዝ በሚገባ አስመስላ፣ ከቀልዱ እኩል እየዘለለች። በ1992 የኒል ጆርዳን «ዘ ክራይንግ ጌም» መጣ። ይኼ ቀልድ የለውም፤ ስለ አየርላንድ ታጣቂ፣ ስለ ጸጸትና ስለ ፍቅር ነው። በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለቱን መሥራት የሚችል ሰው አንድ ዓይነት «የራሴ ድምፅ» ብሎ የሙጥኝ ያለ ሰው አይደለም። አንዳንድ ተቺ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። ድምፅዋ ወዲያው አይታወቅም ይላል። እኔ አልስማማም። የአቀናባሪ ድምፅ የሚታወቀው ባስቀመጠው ነገር ብቻ አይደለም፤ በተወውም ነው።

አሁን ሙያውን ላስረዳሽ። ያስፈራሽ እሱ ስለሆነ።

ለዘፋኝ ስታቀናብሪ መሃል ላይ ማን አለ? ዘፋኙ። ቃሉ መሰማት አለበት። ለፊልም ስትጽፊ መሃል ላይ ማን አለ? ተዋናዩ። ቃሉ መሰማት አለበት። ዘፋኙን ተዋናይ ብለሽ ተኪው፤ ሥራው ያው ነው። ዘፋኝ ሲተነፍስ ቫዮሊን ማስገባት ከቻልሽ፣ ተዋናይ ዝም ሲል ቼሎ ማስገባት አያቅትሽም። የሰው ንግግር ጥርት ብሎ የሚሰማው በግምት ከ1000 እስከ 4000 ኸርትዝ ባለው መስመር ላይ ባሉት ድምፆች ነው። እዚያ ላይ ወፍራም ስትሪንግ ካስቀመጥሽ የድምፅ ባለሙያው ሙዚቃሽን ዝቅ ያደርገዋል። አትቀየሚው፤ ልክ ነው። እግረ መንገዴን፦ ማሲንቆ ልታስገቢ ካሰብሽ ተጠንቀቂ። ማሲንቆ የሰው ድምፅ ጎረቤት ነው። ሰው በሚያወራበት ሥር ካስገባሽው ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራ ይመስላል። ንግግር በሌለበት ትዕይንት ግን የሚተካከለው የለም።

ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ዘፈን ውስጥ አዝማቹ መቼ እንደሚመጣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ፊልም ውስጥ የሚወስነው ቆራጩ፣ ማለትም የፊልሙ ኤዲተር ነው። ምሳሌ ልስጥሽ። ትዕይንቱ ከተጀመረ በ14ኛው ሰከንድ በር ይከፈታል እንበል። ፍጥነትሽ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ በሰከንድ ሁለት ምት ነው። 14 ሰከንድ 28 ምት ይሆናል። በአራት አራት ስትቆጥሪው ሰባት ሙሉ ቤት (ባር)። በሩ ስምንተኛው ቤት መጀመሪያ ላይ ልክ ይከፈታል። ግሩም ነው። ከዚያ ማታ ቆራጩ ይደውልና «ትንሽ አስረዘምኩት፣ 15 ሰከንድ ተኩል ሆኗል» ይልሻል። አሁን 31 ምት ነው። ሰባት ቤት በአራት፣ አንድ ቤት ደግሞ በሦስት ትጽፊና በሩ እንደገና ልክ ላይ ይከፈታል። ሰሚው አንድ ምት መጉደሉን አያውቅም። ይኼ ሒሳብ ነው፤ የማባዛት ሠንጠረዥ ለሚያውቅ ሰው አይከብድም።

ታዲያ ኦስካሩ? «ዘ ፉል ሞንቲ» በ1997 የወጣ የፒተር ካታኒዮ ፊልም ነው። ታሪኩ የብረት ፋብሪካ ተዘግቶባቸው ሥራ ስላጡ ወንዶች ነው። ገንዘብ ሲቸግራቸው መድረክ ላይ ልብሳቸውን ሊያወልቁ ይነሳሉ። ከተማዋ የት ትመስልሻለች? ሼፊልድ! ደድሊ የመጀመሪያውን ስትሪንግ የጻፈችለት ባንድ የወጣባት ከተማ። ከ15 ዓመት በኋላ ተመልሳ ኦስካሯን ከዚያው አነሳች። ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው «ኧረ አይሆንም» እንለው ነበር።

ፊልሙ በ3 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ለአራት ኦስካር ታጨ፤ ያገኘው አንዱን ብቻ ነው፣ የእሷን። ያኔ የፊልም ሙዚቃ ሽልማት ለድራማ አንድ፣ ለሙዚቃዊና አስቂኝ ፊልም ሌላ ሆኖ ለጥቂት ዓመታት ተከፍሎ ነበር። የድራማውን ጄምስ ሆርነር በ«ታይታኒክ» ወሰደ። የአስቂኙን እሷ። የተወዳደረቻቸው ሃንስ ዚመር፣ ዳኒ ኤልፍማንና ጄምስ ኒውተን ሃዋርድን የመሰሉ ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዘርፍ ከእሷ በፊት በነበረው ዓመት ሌላዋ እንግሊዛዊት ራሼል ፖርትማን አሸንፋ ነበር። ሁለት ሴት በተከታታይ። ከዚያ በፊት በፊልም ሙዚቃ ድርሰት ያሸነፈች ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ነገሩ ትንሽ አይደለም።

ብዙ ሰው ያኔ አጉረመረመ። «ፊልሙ ውስጥ የምናስታውሰው የዶና ሰመርን ዘፈንና የሆት ቸኮሌትን ዘፈን ነው፤ የእሷ ሙዚቃ የት አለ?» አሉ። እውነት ነው፣ የእሷ ሙዚቃ ጥቂት ነው። እኔ ግን ሽልማቱ ልክ ነበር ባይ ነኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ የቆዩ የዳንስ ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም የታወቁ፣ ሁሉም ደማቅ። በመካከላቸው ደግሞ ሥራ ያጣ አባት አለ፣ ልጁን እንዳያይ ሊከለከል የተቃረበ። ትልቅ ኦርኬስትራ ብትጽፊ ሰውዬው ጀግና ይሆናል፤ ፊልሙ ይሞታል። ዝም ብትይ ደግሞ ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው የምትዘይበት ድልድይ የለም። እሷ ትንሽ፣ ዘገምተኛ፣ ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ እንደሚሄድ ሰው ያለ ሙዚቃ ጻፈች። ሃርሞኒካ ከፊት አለ። ሳቅ አይለምንም፣ እንባም አይለምንም። አስቂኝ ፊልም ላይ አስቂኝ ሙዚቃ አለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ ሰዎቹ መድረክ ሲወጡ «ዩ ካን ሊቭ ዩር ሃት ኦን» ይዘፈናል። ዘፋኙ ማን ነው? ቶም ጆንስ። ለፊልሙ ተብሎ አዲስ የተቀረጸ ነው፤ ቅንብሩ የደድሊ። ሙሉ ፊልሙን በለሆሳስ ስትሄድ የቆየችው ለዚያች ደቂቃ የትንፋሽ መሣሪያው ሁሉ እንዲፈነዳ ነው። አቀናባሪ ናት ወይስ ደራሲ ላልሽው እዚህ ትዕይንት ላይ መለየት ከቻልሽ ንገሪኝ። እኔ አልቻልኩም።

በቀጣዩ ዓመት ፍጹም ተቃራኒውን ሠራች። «አሜሪካን ሂስትሪ ኤክስ» ስለ ኒዮ ናዚ ወጣቶች ነው፤ ዳይሬክተሩ ቶኒ ኬይ። እንዲህ ላለ ፊልም ሰው የሚጠብቀው የሚጮህ ጊታር ነው። እሷ ግን ትልቅ ኦርኬስትራና የልጆች መዘምራን አመጣች። አስቀያሚ ነገር ሲሠራ የምንሰማው ውብ ነገር ነው። ያስጨንቃል። ሙዚቃው ወንጀሉን ያሳምረዋል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ክርክሩ ባዶ አይደለም። ለእኔ ግን ለቅሶ ሆኖ ነው የሚሰማኝ፤ ለሞተው ብቻ ሳይሆን ለገዳዩም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ልለፍ። በ2001 ከቢቢሲ ኮንሰርት ኦርኬስትራ ጋር በደራሲነት መሥራት ጀመረች። ከሆላንዳዊው ፖል ቨርሆቨን ጋር ሦስት ፊልም ሠራች፦ በ2006 «ብላክ ቡክ»፣ በ2016 «ኤል»፣ በ2021 «ቤኔዴታ»። ከ2015 እስከ 2019 የ«ፖልዳርክ» ተከታታይ ሙዚቃ የእሷ ነው፤ ብቻዋን የምትጫወተው ቫዮሊን ገደል አፋፍ ላይ እንደቆመች ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በ1990፣ ካይሮ ሄዳ ከሮክ ዘፋኙ ጃዝ ኮልማን ጋር ሆና ከግብፃውያን ሙዚቀኞች ጋር የሠሩት አልበም አለ። አፈላልገሽ ስሚው። የእኛን መሣሪያ ከስትሪንግ ጋር ለማዋሃድ ለምታስቢው ለአንቺ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ የት እንደተሳካና የት እንደከበደ ጆሮሽ ይነግርሻል።

የ2012ቱን «ሌ ሚዜራብል» ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በሙዚቃዊ ፊልም ልማዱ ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ካሜራ ፊት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ዳይሬክተሩ ቶም ሁፐር ይህን ገለበጠው። ተዋናዮቹ ካሜራ ፊት እውነት ይዘፍናሉ፣ በጆሯቸው የሚሰሙት አንድ ፒያኖ ብቻ ነው፤ ፒያኒስቱ እነሱን ይከተላል። ማልቀስ የፈለገ ያለቅሳል፣ መቆም የፈለገ ይቆማል። ምት የሚቆጥር ክሊክ የለም። ከዚያ በኋላ ነው ኦርኬስትራው የተቀረጸው። ከፊልሙ የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሮች አንዷ ደድሊ ነበረች፤ ኦርኬስትሬሽኑም ላይ፣ ማለትም ሙዚቃውን ለኦርኬስትራው መሣሪያዎች ማከፋፈሉ ላይ፣ እጇ አለበት። እስቲ አስቢው፤ አንዲት ተዋናይ እንባ አንቋት ቃሉን በግማሽ ሰከንድ ስታዘገይ፣ ብዙ ሙዚቀኛ ያለበት ኦርኬስትራ ከወራት በኋላ እኩል መዘግየት አለበት። ይህን ያለ አቀናባሪ ጆሮ ማን ይሠራዋል? አገራችን ውስጥ በዚህ መንገድ ሲሠሩ የኖሩት አዝማሪዎች ናቸው። ማሲንቆው ቃሉን ይጠብቃል። ቃሉ ማሲንቆውን አይጠብቅም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለመግባትሽ ይጎዳሻል ወይ? እውነቱን ልንገርሽ፤ በአንድ ነገር ይጎዳሻል። ደድሊ ሰው ፊት ወረቀት ዘርግታ ለቪዮላው የቪዮላ ኖታ መጻፍ መቻሏ ነው ሥራ ያስገኘላት። አንቺም አንድ ቀን እውነተኛ ቫዮሊን ተጫዋቾች ፊት ስትቆሚ «እንዲህ ዓይነት ነገር» እያልሽ በአፍሽ ብታዜሚላቸው ሰዓቱ ያልቃል፣ ስቱዲዮው ደግሞ በሰዓት ነው የሚያስከፍል። ኖታ ተማሪ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ብትይዢ በአንድ ዓመት ለጉዳይሽ ይበቃሻል። ሌላው ግን ጆሮ ነው። ለጓደኞችሽ ስታቀናብሪ መቼ ዝም ማለት እንዳለብሽ ከገባሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

እኔ በመጀመሪያ የፊልም ሥራዬ ይኼ አልገባኝም ነበር። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ጻፍኩ። ሁሉም ቦታ ስትሪንግ፣ ሁሉም ቦታ እንባ። ሰውዬው ውሃ ሲጠጣ እንኳ ቫዮሊን ነበረው። ፊልሙ ሲመረቅ ተቀምጬ ሰማሁ፤ የቀረው 11 ደቂቃ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ሳይነግረኝ ቆርጦ ጥሎታል። ለሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ ፊልሙን ደግሜ ሳየው ያ 11 ደቂቃም ይበዛ ነበር።

ስለዚህ ለአጭር ፊልምሽ እንዲህ አድርጊ። ኪቦርዱን ከመንካትሽ በፊት ከዳይሬክተሩ ጋር ፊልሙን ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍታችሁ። የት ላይ ሙዚቃ እንዳለ ሳይሆን የት ላይ እንደሌለ ተስማሙ። በሰከንድ ጻፉት። ዳይሬክተሩ ለጊዜው የሰው ሙዚቃ ለጥፎበት ከሆነ አንዴ ስሚውና እንዲያነሳው ለምኚው፤ ያለበለዚያ ሳታውቂው ትቀጂዋለሽ። ከዚያ አንዲት አጭር ዜማ ፈልጊ፣ አምስት ስድስት ኖታ ይበቃል። አንዴ በፒያኖ፣ አንዴ በዋሽንት፣ አንዴ በባስ ብቻ አስገቢያት። ስትጨርሺ ንግግሩ ካለበት ቦታ ሁሉ አንድ አንድ መሣሪያ አንሺ።

ክፍያውን ሳትረሺ በጽሑፍ ተዋዋዪ። ሙዚቃው በኋላ ለማስታወቂያ ቢውል ወይም ለብቻው ቢለቀቅ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ስምሽም ከፊልሙ መጨረሻ ላይ «ሙዚቃ ድርሰትና ቅንብር» ተብሎ ሁለቱም ይጻፍ። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ካሉሽ እሺ አትበይ።